ከጁባ ሆኖ ዋሽንግተንን መከታተል፦ ተማሪው ማንን ይስማ?

ኤፕሪል 5 ቀን 2025 ቅዳሜ ነበር። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ የደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የያዙ ሰዎች ሁሉ ቪዛ እንደተሰረዘና አዲስም እንደማይሰጥ በኤክስ ገጻቸው አስታወቁ። በዚያው ምሽት ደቡብ ሱዳናዊው ወጣት ካማን ማሉዋች ለዱክ ዩኒቨርሲቲ ተሰልፎ በአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ግማሽ ፍጻሜ ይጫወት ነበር። የጠቡ መነሻ አንድ ሰው ነው። አሜሪካ «ዜጋችሁ ነው» ብላ የላከችውን ሰው የጁባ ባለሥልጣናት ኮንጓዊ ነው ብለው መለሱት። ከሦስት ቀን በኋላ ጁባ ሐሳቧን ቀይራ እንዲገባ ፈቀደች። (ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ ጥያቄው ይበዛል። ትምህርት ላይ ያለ ልጅስ? የመኖሪያ ፈቃድ የያዘስ? የሁለት አገር ፓስፖርት ያለውስ? የሚኒስትሩ መግለጫ ጥቂት ዓረፍተ ነገር ስለነበር ለዚህ ሁሉ መልስ አልያዘም። መልስ ፍለጋ የወጣ ሰው የሚያገኘው ነገር እንደ ሄደበት ቦታ ይለያያል። ይህ ጽሑፍ የሚዳስሰው እነዚያን ቦታዎች ነው። ጁባ፣ ጋምቤላ ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ የአሜሪካን ፖለቲካ ለትምህርቱም ለኑሮውም ብሎ የሚከታተል ተማሪ የቱን ያንብብ? የቱን ይስማ? የቱንስ ይለፍ?

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የምንጭ እጥረት የለብንም። የአሜሪካ መንግሥት አብዛኛውን ሥራውን በአደባባይ እየጻፈ የሚሠራ መንግሥት ነው፤ የሕግ ረቂቁ፣ የፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ፣ የፍርድ ቤቱ ብይን ያለ ክፍያ ይነበባል። የሚያሳስበኝ የንባቡ ቅደም ተከተል ነው። አብዛኞቻችን ከአስተያየት ሰጪው እንጀምርና ሰነዱ ጋ ሳንደርስ እንደክማለን። ተማሪ ይህን መንገድ ከሰነዱ ጀምሮ ቢሄድ በጥቂት ወራት ውስጥ ከብዙ ተንታኝ የተሻለ ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

ለጁባ ሰው የአሜሪካ ፖለቲካ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አያውቅም። ኮንግረስ በ2002 የሱዳን የሰላም ሕግን አጸደቀ። ጃንዋሪ 9 ቀን 2005 ናይሮቢ ላይ አጠቃላዩ የሰላም ስምምነት ሲፈረም የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በምስክርነት ፈረሙ። የ2011ዱ ሕዝበ ውሳኔና ነጻነት የመጣው በዚያ ወረቀት ላይ ቆሞ ነው። ከዚያም በኋላ የክሊኒኩ መድኃኒት፣ የመምህሩ ድጎማ፣ የሬዲዮ ጣቢያው ማሰራጫ ሳይቀር በዋሽንግተን በጀት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 በፈረሙት ትዕዛዝ የውጭ ዕርዳታው ለ90 ቀን ታገደ፤ በማርች ሩቢዮ ከዕርዳታ ድርጅቱ ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዙን ተናገሩ፤ ጁላይ 1 ቀን ድርጅቱ ራሱ ሥራውን አቆመ። እዚህ ጁባ ሆቴልና ሱቅ ከፍቶ፣ በውኃ ቦቴና በጭነት መኪና ተሠማርቶ የሚኖረው ሐበሻም የገበያው መቀዝቀዝ ይነካዋል። በዚያ ላይ የቪዛ ሎተሪው፣ ዲቪ፣ አለ። ዲቪ ቀረ፣ ዲቪ ተመለሰ እየተባለ በየጊዜው ይወራል፤ ፕሮግራሙ በ1990 በወጣ የኮንግረስ ሕግ የቆመ መሆኑን፣ ፕሬዚዳንት ሊያግደው ከሚችለው ነገር ኮንግረስ ብቻ ሊሽረው የሚችለውን መለየት እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳ ግን እምብዛም አይገኝም።

በቋንቋችን ይህን ሲያስረዳ የኖረው ድምፅ በዚሁ ማዕበል ተመታ። የአሜሪካ ድምፅ በአማርኛ መተላለፍ የጀመረው በ1982 ነው፤ ለደቡብ ሱዳንም ከዋሽንግተን በእንግሊዝኛ የሚዘጋጅ «ሳውዝ ሱዳን ኢን ፎከስ» የተባለ ፕሮግራም ነበረው፤ ጁባም ያደምጠው ነበር። ማርች 14 ቀን 2025 በወጣ ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ ምክንያት በማግስቱ ከ1,300 በላይ ሠራተኞች ከሥራ እንዲርቁ ተደረገ፤ አየሩም ጭር አለ። በኤፕሪል ዳኛ ሮይስ ላምበርት እግድ ቢሰጡም ክርክሩ በይግባኝ ሲንከባለል አብዛኞቹ የአፍሪካ ቋንቋዎች ለወራት ዝም አሉ። ጣቢያው ገንዘቡን ከመንግሥት የሚያገኝ ነበርና የመንግሥትን አቋም የሚያነብ ርእሰ አንቀጽም ነበረው፤ ያም ርእሰ አንቀጽ የመንግሥት አመለካከት መሆኑ ተነግሮ ነበር የሚነበበው። ዜናው ግን በ1976 በሕግ በጸና ቻርተር ሚዛናዊ እንዲሆን የታዘዘ ነበር፤ እኔ እስከ ሰማሁት ድረስ የዋሽንግተንን የውስጥ ክርክር በአማርኛ እንደ እሱ በትዕግሥት ያስረዳ አልነበረም። ይህ የጠፋው ነገር ትልቅ ነው።

የቀሩት ሁለት ናቸው። የጀርመን ድምፅ የአማርኛው ክፍል ከ1965 ጀምሮ አለ፤ ከአሜሪካ የሚዘግቡለት ሰዎችም አሉት፤ የትውልደ ኢትዮጵያውያንን ጉዳይ ሲዘግብ ጥሩ ነው። ቢቢሲ አማርኛ በ2017 ተከፍቶ በጽሑፍ ይበልጥ ጠንክሯል፤ የአሜሪካን ጉዳይ በአብዛኛው የሚያቀርበው በለንደኑ ዴስክ የተዘጋጀውን ወደ አማርኛ እየመለሰ ስለሆነ ዜናው የታመነ ነው፤ ግን የትኛው የሕግ ረቂቅ በየትኛው ኮሚቴ እንደተያዘ ድረስ አይወርድም። ተማሪ እነዚህን ለመነሻ ይጠቀምባቸው። ለፈተና ወይም ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን አይበቁም።

ወደ ሰነዱ እንምጣ። ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የማይረሷቸውን ሦስት ቁጥሮች ልጥቀስ። ኤች አር 2003 የኒው ጀርሲው ዶናልድ ፔይን ያቀረቡት የኢትዮጵያ የዴሞክራሲና የተጠያቂነት ረቂቅ ነው፤ ኦክቶበር 2 ቀን 2007 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ፤ ከሴኔት ግን አልወጣም፤ ሕግ አልሆነም። ኤች ሬዝ 128 የክሪስ ስሚዝ ነው፤ ኤፕሪል 10 ቀን 2018፣ ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር በሆኑ በሳምንቱ፣ ምክር ቤቱ በድምፅ አጸደቀው። ስሙ እንደሚያመለክተው የአንዱ ምክር ቤት ውሳኔ ሐሳብ ነው፤ ማንንም በሕግ አያስገድድም። ኤች አር 6600 በ2022 የቀረበውና በየከተማው ሰልፍ የተወጣበት የቶም ማሊናውስኪ ረቂቅ ነው፤ እሱም የምክር ቤቱን ሙሉ ጉባኤ ድምፅ ሳያገኝ ጃንዋሪ 3 ቀን 2023 የ117ኛው ኮንግረስ ዘመን ሲያበቃ አብሮ ወደቀ። በሦስቱም ጊዜ ስንቱ ደስ አለው፣ ስንቱ አለቀሰ! ኤች ሬዝ 128 ሲጸድቅ «በኢትዮጵያ ላይ ሕግ ወጣ» ያለ ነበር፤ ኤች አር 6600 ኮሚቴ ደጃፍ ሳለ «ማዕቀቡ ሊጀመር ነው» ያለም ነበር።

ይህን ስህተት ለማረም የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ነው። ኮንግረስ ዶት ጎቭ የተባለውን የኮንግረስ ድረ ገጽ ከፍቶ የረቂቁን ቁጥር መጻፍ ይበቃል። ከርእሱ በታች ረቂቁ የደረሰበትን የሚያሳይ ትንሽ መስመር አለ፦ ቀረበ፣ በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ፣ በሴኔት አለፈ፣ ወደ ፕሬዚዳንቱ ሄደ፣ ሕግ ሆነ። የቆመበት ቦታ ቀለሙ ይለያል። ከሥሩ የመጨረሻው እርምጃ በቀን ተጽፏል፤ ጎን ለጎን ረቂቁን የደገፉ አባላት ስም ዝርዝርና ሙሉው ጽሑፍ አለ። በየኮንግረሱ ዘመን በሺህ የሚቆጠር ረቂቅ ይቀርባል፤ ሕግ የሚሆነው ከእጅ ጣት የማይሞላ መቶኛ ነው። ይህችን አንዲት እውነት የያዘ ተማሪ በየሳምንቱ ከሚነዛው ግማሽ ወሬ ይድናል።

የፕሬዚዳንት ትዕዛዝ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ቁጥር ተሰጥቶት ከ1936 ጀምሮ በሚታተመው ፌዴራል ሬጅስተር ላይ ይወጣል፤ ኮንግረስ ድምፅ ሳይሰጥበት ሥራ ላይ ይውላል። ሴፕቴምበር 17 ቀን 2021 ጆ ባይደን በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ምክንያት የፈረሙት ቁጥር 14046 እንዲህ ያለ ነበር። ኤች አር 6600 ላይ የጮኸው ሕዝብ ብዙው ይህን ትዕዛዝ አላነበበውም፤ በተግባር የነበረው ሥልጣን ግን በዚህ ወረቀት ላይ ነበር።

ስለ አንድ አገር ወይም ስለ አንድ ጉዳይ ባጭሩ ተዘጋጅቶ ማግኘት ለሚፈልግ፣ የኮንግረስ የጥናት አገልግሎት የሚያወጣቸው ጽሑፎች አሉ። ይህ ተቋም በ1914 ለኮንግረስ አባላት መረጃ እንዲያቀርብ የተቋቋመ ነው፤ ጽሑፎቹ ለሕዝብ በሕግ የተከፈቱት በ2018 ነው። ስለ ደቡብ ሱዳንም ስለ ኢትዮጵያም በየጊዜው የሚታደስ ሁለት ገጽና ከዚያ የረዘመ ጽሑፍ አለው። ወገንተኝነት የለበትም፤ የሁለቱም ፓርቲ እንደራሴዎች ያነቡታል። በግሌ አንድ ምንጭ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ዋትሳፕ ላይ ለክፍል ጓደኛ ለመላክም አይከብድም።

ከፍርድ ቤት ሰነድ የሚገኘውን ለማየት ጁባን በቀጥታ የነካውን የስምንቱን ሰዎች ጉዳይ እንውሰድ። በሜይ 2025 የአሜሪካ መንግሥት ከኩባ፣ ከቬትናም፣ ከላኦስ፣ ከሜክሲኮ፣ ከምያንማርና ከደቡብ ሱዳን የሆኑ፣ በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸውን ስምንት ሰዎች ወደ ጁባ ለመላክ አውሮፕላን አስነሣ። የቦስተኑ የፌዴራል ዳኛ ብራያን መርፊ ሰዎች ዜጋ ወዳልሆኑበት ሦስተኛ አገር ከመላካቸው በፊት ማስጠንቀቂያና ሥጋታቸውን የሚያሰሙበት ዕድል እንዲሰጣቸው ቀደም ብለው አዝዘው ስለነበር በረራው ጅቡቲ ላይ ተገታ። ሰዎቹ ከጠባቂዎቻቸው ጋር በዚያው ባለው የአሜሪካ የጦር ሰፈር በካምፕ ሌሞኒየር ለሳምንታት ተቀመጡ።

በዚያ ሰሞን ቴሌቪዥኑ ሁለት ነገር ይል ነበር። አንዱ ዳኛው ነፍሰ ገዳዮችን እየተከላከሉ ነው ይላል፤ ሌላው መንግሥት ሕግ እየረገጠ ነው ይላል። መዝገቡን የከፈተ ሰው ያገኘው ሌላ ነው። መንግሥት ራሱ በጁን መጀመሪያ ለፍርድ ቤቱ ያቀረበው የአንዲት ባለሥልጣን ቃለ መሐላ ሰዎቹም ጠባቂዎቹም በመርከብ ኮንቴይነር በተሠራ የስብሰባ ክፍል እንደሚያድሩ፣ የቀኑ ሙቀት ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚያልፍ፣ በአቅራቢያው ቆሻሻ ከሚቃጠልበት ጉድጓድ የሚወጣው ጭስ እንደሚያስቸግራቸው፣ ጠባቂዎቹ የወባ መከላከያ ሳይወስዱ እንደደረሱ ይዘረዝራል። ይህን የጻፈው የተከሳሹ፣ የመንግሥት፣ ወገን ነው። ተማሪ እንዲህ ያለውን አንድ ገጽ ሲያነብ ሁለቱም የቴሌቪዥን ክርክሮች የነገሩን ግማሽ እንኳ እንዳልያዙ ይገባዋል።

ጉዳዩ ከፍ ብሎ ሄደ። ጁን 23 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመርፊን ትዕዛዝ ለጊዜው አገደ፤ የአብላጫው ውሳኔ ምክንያቱን አልገለጸም፤ ሶንያ ሶቶማዮር ግን ሁለት ዳኞች ተባብረዋቸው ረዥም የተቃውሞ ሐሳብ ጻፉ። ጁላይ 3 ቀን ፍርድ ቤቱ ይህ ውሳኔው ጅቡቲ ያሉትንም ሰዎች እንደሚመለከት አብራራ፤ ሰዎቹ ጁላይ 5 ቀን ማለዳ ጁባ ገቡ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ብይኖች በራሱ ድረ ገጽ በዕለቱ ይወጣሉ፤ ከ2020 ወዲህም የቃል ክርክሩ በቀጥታ ይሰማል። የሕግና የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ የተቃውሞውን ሐሳብ መዝለል የለበትም፤ አብላጫው ዝም ባለበት ጉዳይ ነጥቡን በቅጡ የሚያስረዳው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ከአውሮፕላኑ ከወረዱ በኋላ ግን የዋሽንግተን ዘገባ ቀጠነ። የጁባ መንግሥት ሰዎቹን በምን ሁኔታ እንደያዘ፣ ሜክሲኳዊው በሴፕቴምበር ወደ አገሩ መመለሱን ለመከታተል እዚህ ያሉትን ማየት ያስፈልግ ነበር። አይ ሬዲዮ፣ የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ የሚያስተዳድረው ሬዲዮ ሚራያ፣ ከውጭ ሆኖ የሚሠራው ሬዲዮ ታማዙጅ፣ ነፍሱን ይማረውና አልፍሬድ ታባን የመሠረተው ጁባ ሞኒተር እያንዳንዳቸው የሚሉት ነገር አላቸው። የአሜሪካን ፖለቲካ የሚከታተል የጁባ ተማሪ እነዚህን የአገር ውስጥ ጉዳይ ብቻ ናቸው ብሎ እንዳይተዋቸው እለምናለሁ፤ የዋሽንግተን ውሳኔ ሲያርፍ የሚያዩት እነሱ ናቸው። ጋዜጠኞቹ በብርቱ ጫና ውስጥ ስለሚሠሩ ግን ያልተባለውንም ለማስተዋል መሞከር ነው።

ሰነድ ማንበብ ጊዜ ይወስዳል፤ በየቀኑ የሚሆነውን ለማወቅ የዜና ወኪል ያስፈልጋል። ዋነኞቹ ሁለቱ አሶሺየትድ ፕሬስና ሮይተርስ ናቸው። አሶሺየትድ ፕሬስ በ1846 ኒው ዮርክ ላይ ተመሠረተ፤ ከ1848 ጀምሮ የፕሬዚዳንት ምርጫ ድምፅ ይቆጥራል። አሜሪካ እንደኛ አገር የመላውን አገር ድምፅ ቆጥሮ ውጤት የሚያሳውቅ አንድ ማዕከላዊ የምርጫ ቦርድ የላትም፤ ቆጠራው የየክፍለ ግዛቱ ነው። ስለዚህ በምርጫው ሌሊት «ያሸነፈው እገሌ ነው» ሲባል የምንሰማው የዜና ድርጅቶች ከቆጠራው ተነሥተው የሚሰጡትን ድምዳሜ ነው። በ2024 ወኪሉ የትራምፕን ማሸነፍ ያወጀው በዋሽንግተን ረቡዕ ንጋት ላይ ነበር፤ በጁባ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ጀነሬተር አስነሥቶ የተቀመጠ ሰው ምንም ሳይረጋገጥ ነጋበት ማለት ነው። ጁባ በ2021 ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለመለሰች ከዋሽንግተን ጋር ያለው ልዩነት በበጋቸው 6፣ በክረምታቸው 7 ሰዓት ነው፤ ከአዲስ አበባ ያለው ደግሞ አንድ ይጨምራል። ተማሪ እንቅልፉን ተኝቶ ጠዋት የወኪሉን ዘገባ ቢያነብ የሚቀርበት የለም።

አሶሺየትድ ፕሬስ በፌብሩዋሪ 2025 የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ትራምፕ ባወጡለት አዲስ ስም ብቻ አልጠራም በማለቱ ከኋይት ሀውስ አንዳንድ ዝግጅቶች ታገደ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ይህን የምጠቅሰው ወኪሉን ለማሞገስ አይደለም፤ ዘጋቢው ከተዘገበው ጋር ሲጣላ ዘገባው እንዴት እንደሚለወጥ ተማሪ በዓይኑ ሊከታተለው የሚገባ ነገር ስለሆነ ነው።

ጋዜጦቹ ላይ አልዘገይም። ኒው ዮርክ ታይምስ፣ ዋሽንግተን ፖስትና ዎል ስትሪት ጆርናል ጥልቅ ምርመራ ይሠራሉ፤ አብዛኛው ጽሑፋቸው ግን በክፍያ ነው፤ የጁባ ተማሪ በዶላር ይክፈል ማለት ለፌዝ ይቀርባል። በነጻ የሚገኝ ጽሑፍ ሲገጥም ዘገባ ነው ወይስ አስተያየት የሚለውን ከላይ ማየት ነው። በተለይ ዎል ስትሪት ጆርናል ዜናውና የአስተያየት ገጹ ለየብቻ የሚሠሩ፣ አንዳንዴም የሚቃረኑ ናቸው፤ ከአስተያየት ገጹ ወስዶ «ጋዜጣው ዘገበ» የሚል ተማሪ ይሳሳታል።

መረቡ በሚንቀራፈፍበት ከተማ ግን ሁለት ጠቃሚ ገጾች አሉ። የአሜሪካው የሕዝብ ሬዲዮ ኤንፒአር እና ሲኤንኤን ፎቶም ማስታወቂያም የሌለባቸው፣ ጽሑፍ ብቻ የሆኑ ገጾች አሏቸው፤ ቴክስት ዶት ኤንፒአር ዶት ኦርግ እና ላይት ዶት ሲኤንኤን ዶት ኮም ይባላሉ። ስልኩ ላይ ጥቂት ሜጋባይት የቀረው ሰው እንኳ ይከፍታቸዋል፤ ነጭ ገጽ ላይ የርእሶች ዝርዝር ይመጣል፤ አንዱን ሲነኩት ሙሉ ዘገባው ይከፈታል። ስለ ኤንፒአር ሲነሳ ጁላይ 24 ቀን 2025 የተፈረመውን ሕግ ማስታወስ ይገባል። ኮንግረስ በዚያ አንድ ሕግ ቀደም ሲል ከፈቀደው በጀት 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መልሶ ወሰደ፤ 8 ቢሊዮን የሚሆነው የውጭ ዕርዳታ ነው፤ 1.1 ቢሊዮኑ የሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። በሴኔት ያለፈው 51 ለ48፣ በተወካዮች ምክር ቤት 216 ለ213 ነው። የጁባ ክሊኒክና የነብራስካ ገጠር ሬዲዮ ጣቢያ በአንድ ወረቀት ላይ ተሰረዙ። የአሜሪካ ፖለቲካ እንዴት እንደሚሠራ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ማን ምን ድምፅ እንደሰጠ በስም ተዘርዝሮ በኮንግረስ ገጽ ላይ ይገኛል።

ቴሌቪዥኑን በተመለከተ ጥብቅ ነኝ። በጁባ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አልጀዚራ ሲከፈት ይታያል፤ ሆቴሎች ሲኤንኤንን ያስገባሉ። አልጀዚራ አሜሪካ በውጭ አገር የምታደርገውን በደንብ ያሳያል፤ የኮንግረስን የውስጥ ሽኩቻ ግን አልፎ አልፎ ነው የሚነካው። የአሜሪካ የኬብል ጣቢያዎች የምሽት ፕሮግራም አብዛኛው ክርክርና አስተያየት ነው፤ ፎክስ ወደ ቀኝ፣ ኤምኤስኤንቢሲ የነበረው ወደ ግራ ያጋድላሉ። ፎክስ ስለ 2020ው ምርጫ ባስተላለፈው ሐሰት የተነሣ በኤፕሪል 2023 ለድምፅ መስጫ ማሽን ኩባንያው ለዶሚኒየን 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። አሜሪካውያን ራሳቸው በሚዲያቸው ያላቸው እምነት አሽቆልቁሏል፦ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋለፕ በ1976 ሲጠይቅ 72 በመቶው እናምናለን ብለው ነበር፤ በ2025 ወደ 28 በመቶ ወርዷል። ከጣቢያ ሁሉ የምለየው ሲስፓንን ነው። ከ1979 ጀምሮ የምክር ቤቱን ጉባኤና የኮሚቴ ስብሰባ ያለ ተንታኝ፣ ያለ ማቋረጥ ያሳያል። ይሰለቻል፤ ግን የአፍሪካ ንዑስ ኮሚቴ ስለ ደቡብ ሱዳን ሲሰበሰብ ማን ምን እንዳለ በራስ ጆሮ መስማት ሌላ ነው።

አንድ የተረሳ ምንጭ አለ፦ የክፍለ ግዛት ጋዜጣ። የነብራስካዋ የኦማሃ ከተማ ብዙ ደቡብ ሱዳናውያን የሰፈሩባት ናት። ነብራስካ ከሜይን ጋር ሆና የፕሬዚዳንት መራጮቿን ድምፅ በወረዳ የምትከፋፍል ክፍለ ግዛት ስለሆነች የኦማሃው ሁለተኛ ወረዳ ብቻውን አንድ ድምፅ አለው፤ በ2020 ለባይደን፣ በ2024 ለካማላ ሃሪስ ሄዷል፤ የቀረው የነብራስካ ድምፅ ለትራምፕ። ጁባ ያለ ተማሪ አጎቱ የሚመርጥበትን ወረዳ ቢከታተል ስለ መራጭ ኮሌጅ ከየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ የተሻለ ይማራል። ነብራስካ ኤግዛሚነር የተባለው ገጽ በነጻ ይነበባል። ሚኒሶታ ላይ ደግሞ በ2019 የተቋቋመው ሳሃን ጆርናል የስደተኞችን ኑሮ በዋናነት ይዘግባል። ጥንቃቄ ለሚወድ ተማሪ የፖለቲከኛን ንግግር እየመዘኑ የሚያጣሩት ፋክትቼክ ዶት ኦርግና ፖሊቲፋክትም ክፍያ አይጠይቁም። አፍሪካዊ ዓይን ለሚፈልግ በ2020 የተጀመረውና በየሳምንቱ በዋትሳፕ የሚላከው «ዘ ኮንቲነንት» አለ፤ ለስልክ ተብሎ የተዘጋጀ ጋዜጣ ስለሆነ በዚህ ከተማ ይመቻል።

ማኅበራዊ ሚዲያውን መከልከል አይቻልም፤ መከልከሉም አያዋጣም። በጃንዋሪ 2025 በሱዳኗ ዋድ መዳኒ ደቡብ ሱዳናውያን ሲገደሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ተሰራጭተው ጁባ ላይ ግጭት ሲነሣ መንግሥት ፌስቡክና ቲክቶክን ዘጋ፤ ከቀናት በኋላ መልሶ ከፈተ። ምስል ምን ማድረግ እንደሚችል ይህች ከተማ በሰው ነፍስ ከፍላ አውቃለች። በአማርኛው ዩቲዩብ የአሜሪካ ፖለቲካ ሲቀርብ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፦ ርእሱ በቀይ ይጮኻል፣ ምስሉ የሌላ ቀን ነው፣ የሰነድ ቁጥር አይጠቀስም። ለዚህ ያለኝ መመዘኛ አንድ ነው። ተናጋሪው የረቂቁን፣ የትዕዛዙን ወይም የመዝገቡን ቁጥር ካልጠራ አትጋሩት። ቁጥር ካለ ሁለት ደቂቃ ወስዶ ማየት ይቻላል።

በኖቬምበር 2026 አሜሪካውያን የተወካዮች ምክር ቤቱን 435 መቀመጫዎች በሙሉና የሴኔቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ይመርጣሉ። የውጭ ዕርዳታውን ገንዘብ የሚወስነው፣ ስለ ቪዛው ባለሥልጣናትን የሚጠይቀው፣ የሬዲዮውን ዕጣ የሚያየው ይህ ኮንግረስ ነው። እንግሊዝኛም አማርኛም የምታነቡ፣ ዓረብኛም የምትሰሙ የጁባ ተማሪዎች፣ እናንተ ያላችሁ ዕድል ብዙዎቻችን የለንም። ከመካከላችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ሰነድ ምረጡ፤ ተከፋፍላችሁ አንብቡት፤ ምን እንደሚል፣ ማን እንደፈረመው፣ ጁባን በየት በኩል እንደሚነካ በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ ለእናት አባቶቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ ላኩላቸው። የአሜሪካ ድምፅን ሲያደምጡ የኖሩ ብዙ ጆሮዎች ዛሬም ማታ ሬዲዮኑን ይነካካሉ።